በሬው ማን ነው?

የአባቴ በሬ ቦራ የሞተው በሰኔ መግቢያ፣ በሬ እጅግ በሚፈለግበት ሰሞን ነበር። ቦራ የተባለው ግንባሩ ላይ ነጭ ስለ ነበረበት ነው፤ ዘጠኝ ክረምት አርሷል። በእኛ አገር በሬ የሞተበት ሰው ቤት ጎረቤቱ እንደ ልቅሶ ቤት ይሰበሰባል፤ «እግዜር ይተካ» ይባላል፤ የሚችልም ሰው የራሱን በሬ ለጥቂት ቀን ያውሳል። እኔ ከተማ ላይ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ወሬውን የሰማሁት በስልክ ነው። ማታ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም አምሽቼ፣ ለፈተና ካልመጣ ከአንድ ልጅ በተረፈ ወረቀት ጀርባ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፍሁ፦

ቦራ የእኛ በሬ ትናንት ሲያርስ ውሎ፣
ዛሬ ማልዶ ሄደ ቀንበር ሞፈር ጥሎ።

ትልቅ ግጥም ነው አልልም። ቤት ይመታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልፈለግሁበትም። በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ ወዶት ከመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሳምንት ሳይሞላ አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። የተቀበለኝ ሰው ትሑት ነበር፤ ሻይ አስመጣልኝ፤ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቶ በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አስተካከለውና «መምህር፣ በሬው ማን ነው?» አለኝ። የአባቴ በሬ ነው አልሁት። ፈገግ አለ። «እሺ፤ ቀንበሩስ የማን ነው?» ቀንበሩም የአባቴ መሆኑን፣ ከወይራ የተጠረበ መሆኑን፣ አጎቴ እንደ ጠረበው ሁሉ ነገርሁት። ሁሉንም ጻፈ። ስወጣ ሻዩን እንዳልጠጣሁት ትዝ አለኝ።

ወሩ ሳያልቅ ደግሞ በሌላው ወገን ያለ አንድ ጎልማሳ፣ የማውቀውና የማከብረው ሰው፣ መንገድ ላይ አስቁሞ ያንኑ ጥያቄ አመጣብኝ። የእርሱ ትርጓሜ የተገለበጠ ነበር፤ «ቀንበር ሞፈር ጥሎ» ያልሁት እርሻውን ትቶ የወጣውን ገበሬ ለመንቀፍ ነው ብሎ አምኗል። በአንድ ወር ውስጥ አንድ በሬ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ተቃራኒ ክስ ተከሰሰ ማለት ነው። አባቴ ይህን ስነግረው ብዙ አልሳቀም፤ «ቆዳውን ሳንሸጠው ብንቀር ይሻል ነበር» ብቻ አለ። ለምን እንዲያ እንዳለ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያ ጥያቄ ግን ለእኔ እንግዳ አይደለም። በእርሱ ላይ ነው ያደግሁት። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ፣ አስኳላ ሳልገባ፣ በብቸና በኩል ከአንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ተምሬአለሁ። እዚያ ቤት አንድ ቅኔ በተሰማ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ «ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?» የሚል ነበር። ጥያቄው የደስታ ጥያቄ ነው፤ ያላገኘው ተማሪ ያፍራል፤ ያገኘው ደግሞ እንደ ዋንጫ ተሸላሚ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ በጠረጴዛ ማዶ፣ ብዕር ከያዘ ሰው አፍ ስሰማው፣ ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠውን ነገር ለመለየት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የቅኔ ቤትን ኑሮ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ከዚያም ቅኔ ቆጠራ ይወጣል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ከንፈሩን እያነቃነቀ ይውላል። ነገራ ሲደርስ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ቤት ናት፤ የበሰለው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይዞ ይመጣል። የኔታ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ቤት አልመታም» ካሉ ቀላል ነው፤ «ምሥጢሩ ተፋልሷል» ካሉ ግን ሙሉ ቀን የተደከመበት ነገር እንደ ገለባ በነነ ማለት ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለየዕለቱ፣ ለየበዓሉ አዲስ መሆን አለበት። ስለዚህ ቅኔ በባሕርዩ የዕለቱን ነገር ይነካል፤ ድርቁን፣ ሹሙን፣ ጦርነቱን፣ የሞተውን ሰው።

እኔ በቅኔ ቤት ሳለሁ የዕለቱ ነገር መሬት ነበር። ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። በክልላችን የመሬት ክፍፍል ተደርጎ፣ በጎጃም ገጠር ብዙ ሰው መሬቱ ተቀንሶበት ነበር። በተለይ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩትና በንጉሡ ዘመን ባለርስት የነበሩት ቤተሰቦች «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል» ተብለው ተለዩ። አጎቴ ቢሮክራት ተባለ። ቢሮ የሚባል ነገር በዕድሜው ገብቶ አያውቅም፤ ቃሉንም በትክክል መጥራት አይችልም ነበር፤ «ቢሮክራስ» ነበር የሚለው። ግን በዚያች መጥራት በማይችላት ቃል ምክንያት ከወንዝ ዳር ያለችው ጥሩዋ መሬት ሄደች። ሥነ ጽሑፍ ከፖለቲካ ጋር የሚገናኘው የት ነው ተብዬ ብጠየቅ ከመጻሕፍት አልጀምርም፤ ከዚህ እጀምራለሁ። አንድ ቃል በአንድ ሰው ላይ ተለጥፎ እርሻውን ሲወስድበት አይቻለሁና።

ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ተናድጄ ነበር። አጎቴን በስብሰባ ላይ አጋልጦ በሰጠው ጎረቤት ላይ ጉባኤ ቃና ቆጠርሁ። ሰውየውን በይሁዳ መሰልሁት፤ መሬቱን በሠላሳው ብር። እንደ እኔ ግምት በታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም በጎንጅም ያልተሰማ ቅኔ ነበር። በነገራ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። የኔታ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ይሁዳን ለምን አመጣኸው?» አሉኝ።

«አሳልፎ ሰጥቷልና፣ የኔታ።»

«ይሁዳ ብሩን መልሷል። ተጸጽቶ ወስዶ በመቅደስ ጥሎታል። ያንተ ሰውዬ መሬቱን መልሷል?»

ዝም አልሁ።

«እንግዲያ ሰሙ ሰም አልሆነም። ይሄ ስድብ ነው። ለመሳደብ ግእዝ አያስፈልግህም፤ በአማርኛ፣ ወንዝ ወርደህ ብትጮህ ይበቃሃል።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይህ እርማት ይበልጥብኛል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በባዶው ቦታ ይፈስሳል። ሰሙ የተዛባ እንደ ሆነ ወርቁ የተዛባ ነው። የኔታ ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ ከመጽሐፍ የወሰድኸው ታሪክ በራሱ እውነት ሆኖ መቆም አለበት፤ ለንዴትህ መሸፈኛ አድርገህ ከቆረጥኸው፣ መጽሐፉንም ንዴትህንም አበላሸህ ማለታቸው ነው። ዛሬ በየመድረኩ የሚሰማው፣ ጥቅስ የተደረደረበት የፖለቲካ ንግግር፣ በየኔታ ፊት ለነገራ ቢቀርብ ስንቱ ያልፍ ይሆን እላለሁ። አንዱ ወገን ጠላቱን ፈርዖን ይለዋል፤ ሌላውም መልሶ ፈርዖን ይለዋል፤ በመካከል ሙሴ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ፈርዖን ብቻ ይበዛል።

ይህን ስል ቅኔ ቤትን ንጹሕ ላደርገው አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ ለሹም የተነገረው ቅኔ አብዛኛው ውዳሴ ነው። ባለቅኔው ከደጃዝማቹ ፊት ቆሞ ደጃዝማቹን ከዳዊትና ከሰሎሞን ጋር ሲያመሳስል፣ ዐይኑ ወደ ሽልማቱ ካባ ነበር። ቤተ ክርስቲያኗም ራሷ ባለ መሬት ነበረች። እኛ ተማሪዎች የኖርነው ግን በሹሙ ካባ ሳይሆን በባላገሩ ቁራሽ ነው፤ በተለይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ ለሕዝብ ከሆነና ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ካጣች በኋላ፣ የቅኔ ቤቶቹን ያቆማቸው ያ በአኩፋዳ የተለመነ እንጀራ ነው። አንዲት ባልቴት ከምጣዷ ላይ ያነሣችውን ግማሽ እንጀራ ስትሰጠኝ «ለእኔም አንዲት ቅኔ ቁጠርልኝ» ያለችኝን አልረሳም። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት ለመግባት እምብዛም ባልታደለችበት አገር፣ ማየት የተሳናቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶቹን ያስተምሩ እንደ ነበር የሰማሁት ከዚያች ባልቴት ነው። ቅኔውን ግን አልቆጠርሁላትም፤ ሰነፍሁ።

ቅኔ ቤት የሰጠኝ ሌላው ነገር አንዳንድ ቃላትን በሁለትና በሦስት ጎናቸው ማየት ነው። «ርስት»ን እንውሰድ። በቤተ ክርስቲያን ርስት ማለት መንግሥተ ሰማያት ናት፤ ቄሱ በፍትሐት ላይ ለሟቹ የሚለምኑለት እርሷን ነው። በባላገሩ አፍ ደግሞ ርስት ከአያት ቅድመ አያት ቈጥሮ የሚያገኛት መሬት ናት። አንድ የጎጃም ሰው «ርስቴን አልሰጥም» ሲል የትኛዋን ማለቱ ነው? ሁለቱንም ነው። «ግብር»ም እንዲሁ ነው። ሹሙ የሚሰበስበው ገንዘብ ግብር ነው፤ ሹሙ የሚያበላው ድግስ ግብር ነው፤ የሰው ሥራውና ጠባዩ ግብር ነው፤ በሰሙነ ሕማማት የሚነበበው መጽሐፍ ደግሞ ግብረ ሕማማት ይባላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ በጎጃም ያሉ ገበሬዎች፣ በተለይ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት፣ አንገብርም ብለው ሲነሡ፣ የፈሩት ብሩን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ ቢጻፍ ርስትነቱ ይቀራል፤ እንደ ደቡቡ ጭሰኛ እንሆናለን ብለው ነበር የፈሩት። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥውን እስከ ማንሣትና የግብሩን ውዝፍ እስከ መማር ደረሰ። ከሁለት ቃላት ጀርባ፣ ከርስትና ከግብር ጀርባ፣ ያ ሁሉ ነገር ነበረ።

ከዚያ ዐመፅ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሟል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ፣ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ቅኔውን በዚሁ አገር የቀመሱ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ዐመፁን ቀሰቀሰ የሚል ሰው ቢመጣ አላምነውም፤ ያመፁት ገበሬዎች ልብ ወለድ አላነበቡም። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ባላገሮቹ ከደንቡ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ፣ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው እላለሁ። ደራሲው ያን ድምፅ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

እኔ መጽሐፉን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እጠቅሳለሁ። ልጆቹ አስቀድመው የሚወዱት ፍቅሩን ነው፤ ይገባል። እኔን የሚይዘኝ ግን የበዛብህ ስእለት ነው። ወላጆቹ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ሰጡት፤ እርሱም ቅኔውን ተምሮ፣ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ወደዳት። እንግዲህ የቆመው በሁለት አጥር መካከል ነው። አንዱ አጥር የዘር ነው፤ የጌታ ልጅ ከባላገር ልጅ ጋር አትጋባም የሚል። ሌላው አጥር የእምነት ነው፤ ራሱ ባልገባው ቃል የታሰረበት። ፖለቲካውን ብቻ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን አጥር አይቶ ደራሲውን አብዮተኛ ያደርጋቸዋል፤ እምነቱን ብቻ የሚያነብ ደግሞ መጽሐፉን ስእለት ያፈረሰ ሰው የተቀጣበት ታሪክ አድርጎ ይዘጋዋል። ሁለቱንም እንደ የኔታ «ምሥጢሩ ተፋልሷል» ብል ደስ ይለኝ ነበር። መጽሐፉ የሚያመው ሁለቱ አጥሮች በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ስለሚያልፉ ነው። በዛብህ ሹሙን ብቻ ቢፈራ ኖሮ ታሪኩ ቀላል ነበር፤ እግዚአብሔርንም ከልቡ ይፈራል።

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን አባቴ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። መጽሐፉን ማንበብ አይችልም፤ ጉዱ ካሣን ግን እንደ ጎረቤቱ ያውቀዋል። «እብድ ያሉት እውነቱን ስለ ተናገረ ነው» ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ፣ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ዛሬ ጉዱ ካሣ ቢኖር እብድ ነው ብለው ይተዉት ነበር?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ሰዓቴን አይቼ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገርሁ። አስተማሪ ሆኜ ከሠራኋቸው ነገሮች በጣም የማፍርበት ይህ ነው።

የሌላው የጎጃም ልጅ የአቤ ጉበኛ ዕጣ ደግሞ ይታወቃል። በአቸፈር የተወለደው፣ እርሱም የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰመው አቤ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ «አልወለድም»ን ሲያወጣ፣ ገና በማሕፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም መምጣትን እንቢ ሲል አሳየ፤ መጽሐፉም ወዲያው ታገደ። «ፅንሱ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያኔም ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ በሬ ከጥሩ ወገን ነው።

ወደ ዛሬው ልምጣ። በጥር 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሲኖዶሱ ውጭ የጳጳሳት ሹመት በተፈጸመ ጊዜ፣ ምእመናኑ በነነዌ ጾም ጥቁር እንዲለብሱ ጥሪ ተላልፎ ነበር። እኔ በምኖርባት ከተማ መንገዱ ጠቆረ። ነጠላ ለብሳ እንጂ በሌላ ልብስ አይቻት የማላውቅ ጎረቤቴ የሟች ባሏን ጥቁር ካፖርት ለብሳ ወጣች። ማንም መፈክር አላሰማም። ቀለም ብቻ ነበር የሚናገረው፤ ሰሙ ሐዘን፣ ወርቁ እንቢታ። ነገሩ በየካቲት በንግግር ከረገበ በኋላ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙው ማን አሸነፈ የሚል ነው። እኔ ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት የዮናስ መጽሐፍ በአዲስ ጆሮ የተሰማኝን ልናገር።

ዮናስ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ነቢዩ ወደ ጠላቱ አገር ሄደህ ተናገር ሲባል የሚሸሽበት፣ የጠላቱ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ ዐመድ ላይ የሚቀመጥበት፣ ከብቶቹ ሳይቀሩ ማቅ የሚለብሱበት ታሪክ ነው። ንጉሡ ንስሐ በመግባቱ የሚናደደው ነቢዩ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ዮናስ የፈለገው ነነዌ እንድትጠፋ ነው፤ ሲምሯት ጊዜ «ግደለኝ» ይላል። በዚያ ሳምንት በአጠገቤ ጥቁር ለብሰው ከቆሙት ሰዎች መካከል፣ እኔም ራሴ ብሆን፣ የነነዌን ሰዎች የመሆንና የዮናስን የመሆን ፍላጎት በአንድነት ነበረን። ሊምረን እንጸልያለን፤ እነዚያን ግን እንዳይምርብን። መጽሐፉ ደግሞ መልስ ሳይሰጥ፣ በጥያቄ ያልቃል፤ ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ላሉባት ከተማ አላዝንምን ይላል። ብዙ እንስሶች! እግዚአብሔር ከነቢዩ ጋር በሚያደርገው ክርክር የመጨረሻው ነጥብ ከብት ነው። ይህን ለአባቴ ሳነብለት «አየህ፤ በሬ ያውቃል» አለኝ፤ ማን ያውቃል እንዳለ፣ እግዚአብሔር ወይስ በሬው፣ ከአረፍተ ነገሩ አይለይም። አባቴ ቅኔ አልተማረም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ውጊያው ሲከፋ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ወሬ እንደ ድሮው ከሰው ወደ ሰው፣ በእግር መሄድ ጀመረ። የሚገርመው፣ ወሬው ሲያንስ ትርጓሜው በዛ። ሰው ያገኘውን ጥቂት ቃል ያላምጠዋል። ቄሱ በስብከት ላይ ስለ ቃየል ቢናገሩ ማንን ነው ይባላል፤ አዝማሪው ስለ ዓባይ ቢዘፍን ማንን ነው ይባላል፤ ዝም ያለም ሰው ዝምታው ማንን ነው ይባላል። ሕዝቡ በሙሉ ቅኔ ፈቺ ሆነ፤ ግን ማንም «ይበል» አይልም።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። በቅኔ ማሕሌት አንድ ቅኔ ሲዘረፍ ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ይበል፣ ይበል» ይላል። ያ ቃል አድናቆት ብቻ አይደለም፤ ወርቁን አግኝቻለሁ፣ ተካፍያለሁ፣ ከባለቅኔው ጋር እኔም አለሁበት የሚል ነው። ሹሙም በዚያው ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ተደግፎ ቆሞ ነው የሚሰማው፤ የተነካው እርሱ ቢሆን እንኳ ከቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ «ማንን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ራሱን አጋለጠ። ነገሩ ወደ እግዚአብሔር የቀረበ አቤቱታ ነውና፤ ሹሙ ተከሳሽ እንጂ ዳኛ አይደለም። በጠረጴዛው ማዶ ያለው ጠያቂ ግን ወርቁን የሚፈልገው ለመካፈል አይደለም፤ ለመያዝ ነው። መንገድ ላይ ያስቆመኝ ጎልማሳም እንዲሁ። ሁለቱም ሰሙን አልፈለጉትም። የአባቴ በሬ መሞቱ፣ ሰኔ መግባቱ፣ መሬቱ ሳይታረስ መቅረቱ ለአንዳቸውም ምንም አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት የኔታን ልጠይቃቸው ሄድሁ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ሰንብቶ ነበርና ቀን ጠብቄ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር ነው የደረስሁት። አርጅተዋል፤ አንድ ዐይናቸው ሞራ ሸፍኖታል። ከጎጆዎቹ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ የቀሩት ተማሪዎች ዐሥር አይሞሉም። ይዤላቸው የሄድሁትን ስኳርና ሳሙና ለልጆቹ አከፋፈሉት። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ስለ መሥሪያ ቤቱ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ወይራው ቀንበር። እስከ ወገባቸው እየተወዛወዙ ሳቁ። ከዚያ «እስኪ ራሱን በለው» አሉኝ። እንደ ነገራ ጊዜ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ ሁለቱን መስመሮች ተናገርሁ።

«ስንት ክረምት አርሷል?» አሉኝ።

«ዘጠኝ፣ የኔታ።»

«እግዜር ይተካላችሁ። ደኅና በሬ ነበር።»

ይህን ሳይጠይቀኝ የቀረ ሰው ስንት እንደ ሆነ እያሰብሁ ሳለ፣ የኔታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ያን ጊዜ ለይሁዳው እንዳደረጉት ዐይናቸውን ገለጡ።

«አንድ ነገር ግን አለበት። ‘ሄደ’ ያልኸው ለምንድን ነው?»

«ቤት እንዲመታ ነው የኔታ።»

«ቤቱን የመታው ‘ጥሎ’ ነው። ‘ዛሬ ማልዶ ሞተ’ ብትል ምን ይጎድልሃል? ልኩ ያው ነው። በሬ ይሞታል እንጂ ቀንበር ጥሎ ማልዶ ይሄዳል? የሚሄድ ሰው ነው።»

እሳቱን አየሁ። ግጥሙን የጻፍሁበት ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ከላይ በኩል ስም መጻፊያው ባዶ የሆነ፣ የዚያ የኋላ ወንበር ልጅ የፈተና ወረቀት። በዚያች ሳምንት ደብተሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ነበር የሄደው፤ ወዴት እንደ ሄደም እናቱ ሳትቀር አልነገረችኝም።

የኔታ መልሱን አልጠበቁም። እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉና «ሰሙን አስተካክለው» አሉኝ።